ይጫናል

ሒርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ተራ፣
አንዲት ክፍል ይዘናል፣ ከነጂብ ጋር ጋራ።
በግራ ሲንጀሬ፣ በቀኝ ኮምፒውተሩ፣
ኪራዩ የሁለታችን፣ የሁለታችን በሩ።
እኔ ዩኒፎርም፣ ቀሚስ አሳጥራለሁ፤
እሱ ጌም ይሸጣል። ሲሸጥ ግን አላየሁ።

ሌሊት ያወርደዋል፣ ኔቱን ተጠባብቆ፣
ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ሹራቡን አጥልቆ።
አርባ ጊጋ ጨዋታ፣ ዘጠና ዘጠኝ ሲደርስ፣
መብራት ድርግም ይላል፣ ልፋቱን ሊያፈርስ።

ሰው ደግሞ ለምን ይምጣ? የመንቲና ጎረምሳ
አንዱ በሃምሳ ብር ገዝቶ፣ ያድላል ለሃምሳ።

ዋጋውን ቀነሰ። ማንም አልሰማውም።
«ሁለት ለገዛ ሰው አንድ ምርቃት» አለ፤
ሁለት የሚገዛው አንዱ ከየት አለ?
ቀይ አምፖል ሰቀለ፤ ባጃጅ ነጂ ቆሞ
«ድራፍት ስንት ገባ?» አለው ወደ ውስጥ አዝግሞ።
ድምፅ ማጉያ አወጣ፤ ፋርማሲስቷ መጣች፤
«በሽተኛ አለብኝ» ብላ ሽቦ ነቀለች።

«ያንቺ እጅ ያምራል፣ አንድ ነገር ስፊልኝ» አለኝ።
ከተረፈኝ ካኪ፣ ካንድ ክንድ ቁራጭ ላይ
«ጌም ይጫናል» ብዬ፣ መንገደኛው እንዲያይ
በቀይ ክር ሰፋሁት። የጅማ ዝናብ ነው፣
ማታውን መጣና አንዱን ጫፍ አጠፈው፤
«ጌም» የሚለው ገብቶ ከእጥፋቱ ስር፣
«ይጫናል» ብቻውን ቀረ ከበሩ ዳር።

በማግስቱ ረፋድ፣ ዱላቸውን ይዘው
አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ ተገትረው፣
«ምንድነው የሚጫነው? ቡና ነው? ጣውላ?
ወዴት ነው? መኪናው የት ቆሟል? ከኋላ?»

ነጂብ ሳቁን ዋጠ። የኔ ግን አመለጠኝ፤
እሳቸው ዝም ሲሉ፣ ሀፍረቱ መጣብኝ።
ሙዘሚል ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ተሳቢ የነዱ፣
ዓይናቸው ሞራ ሲይዝ ከመሪ የወረዱ።
መንጃ ፈቃዳቸው ዛሬም ከኪስ አለ፣
ቀኑ ካለፈበት ዓመታት የዘለለ።

ነጂብ አሰበና «ይቀመጡ» አላቸው፤
አቧራ የጠጣ የጌም መሪ ሰጣቸው።
ስክሪኑ ላይ በረዶ፣ የፈረንጅ አገር፤
እሳቸው ግን ያዩት የግቤን ቁልቁለት ነበር።
አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ተጠግተው፣
«ሁለተኛ አስገባ!» አሉ፣ ራሳቸውን አዘው፤
«እዚህ ጋ ልጄ፣ ፍሬን አይረገጥም፣
ሞተር ነው የሚይዝህ፤ ፍሬን አያስመልጥም!»

ፋርማሲስቷ መጣች። ሽቦ ግን አልነካች።
እጇን በጋውኗ ኪስ ከትታ፣ ቆማ ቀረች።
ያ ባጃጅ ነጂም ገባ፤ ድራፍት አልጠየቀም።
ሊስትሮው ሳጥኑን ገልብጦ ተቀመጠበት።
የመንቲና ልጆች ትከሻ ለትከሻ፤
አንዱ «እኔም ልንዳ» አለ፣ «እሳቸው ካስተማሩኝ»፣
ሌላው ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ከፈለ፣
በሃምሳ ሲያድል የኖረው፣ ያው እሱ ራሱ።

ጌሙንማ በስልክ መላክ ይቻላል፤
ሙዘሚልን ግን ማን በስልክ ይልካል?

ያን ቀን ስድስት ሸጠ። ኪራዩ አልሞላም።
እኔም ግፊያው ውስጥ ለተበጠሱ
ሁለት ቁልፍ ተከልኩ፣ በነጻ።
«ጨርቁን ላቃናው?» ብለው፣
«ተዪው» አለኝ፣ «እንደታጠፈ ይኑር።»

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቁልቁለቱ መሀል፣
መብራት ድርግም አለ።
ማንም አልተነፈሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
በጨለማው ውስጥ፣ መሪውን እንደያዙ፣
ሙዘሚል ብቻ ተናገሩ፤
«ማንም እንዳይወርድ።
መብራት እስኪመጣ፣ የእጅ ፍሬን ይዣለሁ።»